ምሥራቅ ሜዲትራንያን በመርከብ፦ የወደብ ጉብኝት አመራረጥና የገንዘብ አያያዝ

የመርከቡ ጉዞ ከተከፈለ በኋላ ተጓዡን የሚያወዛግቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በየወደቡ ወርዶ የሚደረገውን ጉብኝት ከማን እንደሚገዛና ምን ዓይነት ገንዘብ ይዞ እንደሚወጣ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። መጀመሪያ ጉብኝቱ ይወሰን፤ ገንዘቡ እሱን ተከትሎ ይመጣል። መግቢያውም ምሳውም ተካቶለት በመርከቡ አውቶቡስ የቱርኩ ጥንታዊ ከተማ ኤፌሶን የሚሄድ ሰው አንድ ሊራ (የቱርክ ገንዘብ) ሳይነካ ሊመለስ ይችላል። በሕዝብ ሚኒባስ የሚሄደው ግን ገና ከወደቡ እንደወጣ ሊራ ይጠየቃል።

ጉብኝትን በተመለከተ ትልቁ ስህተት ለጠቅላላው ጉዞ አንድ ውሳኔ መወሰን ነው፤ «ሁሉንም ከመርከቡ እገዛለሁ» ወይም «ሁሉንም በራሴ»። የግሪክ ደሴት በሆነችው ሮድስ ላይ የአሮጌው ከተማ ግንብ ከመርከቡ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እስክንድርያ ላይ ደግሞ የጊዛ ፒራሚዶች 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው አንዱ ጋ ገንዘቡን፣ ሌላው ጋ መርከቡን ያጣል።

በእጅ ያለው ሰዓት ስንት ነው?

የጉዞ ሰሌዳው 08:00–18:00 ቢል አሥር ሰዓት አለኝ ብለው አይቁጠሩ። የሚቆጠረው መርከቡ እስከሚነሳበት ሳይሆን ተሳፋሪ ሁሉ ተመልሶ እንዲገባ እስከተቀመጠው ሰዓት ድረስ ነው፤ ይህም ከመነሻው ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ቁርጡ ሰዓት በየምሽቱ ካቢን ውስጥ በሚቀመጠው ወይም በስልክ መተግበሪያው በሚወጣው የዕለት ፕሮግራም ላይ ይገኛል። ከዚያ ላይ እነዚህን ይቀንሱ፦

1. ለመውጫ፦ መርከቡ መትከያው ላይ ከቆመ 45 ደቂቃ። ባሕሩ ላይ መልህቅ ጥሎ ሰዉን በትናንሽ ጀልባዎች የሚያመላልስ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል።
2. ለመጠባበቂያ፦ ከመመለሻው ሰዓት በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፤ በጀልባ ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል። የመጨረሻዎቹ ጀልባዎች ሰልፍ ከሁሉም ይረዝማል።
3. ለመንገድ፦ ደርሶ መልስ፣ አውቶቡስ ወይም ባቡር መጠበቂያውን ጨምሮ።

የተረፈው ሰዓት ቦታውን ለማየት ከሚያስፈልገው እጥፍ ከሆነ በራስዎ ይሂዱ። ከእጥፍ ካነሰ የመርከቡን ጉብኝት ይግዙ። ለማየት ከሚያስፈልገው ራሱ ካነሰ ደግሞ ቦታውን ይተዉትና ወደቡ አጠገብ ያለውን ይዩ።

ሦስት ወደቦችን በዚህ ስሌት እንያቸው። ለኤፌሶን የሚወረድበት የቱርክ ወደብ ኩሻዳሲ 08:00 ተደርሶ መመለሻው 17:30 ቢሆን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለ። መውጫና መጠባበቂያ ሲቀነስ ሰባት ሰዓት ከሩብ ይቀራል። ኤፌሶን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ የሚተርፈው ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። ፍርስራሹን አረጋግቶ ለማየት ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በራስ መሄድ ይቻላል ማለት ነው። በግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ላይ፣ በዚያው የመድረሻና የመመለሻ ሰዓት፣ ጀልባ ስላለ የሚቀረው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የደሴቱ መንደር ኦያ ደርሶ ለመመለስ የአውቶቡስ መጠበቂያን ጨምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል፤ አራት ሰዓት ይተርፋል። ኦያን በደንብ ለማየት ያ ይበቃል፤ ኦያንም ጥንታዊውን ፍርስራሽ አክሮቲሪንም በራስ ትራንስፖርት ለማየት ግን አይበቃም። እስክንድርያ 07:00 ተደርሶ መመለሻው 18:30 ቢሆን፣ ከመውጫና ከመጠባበቂያ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይቀራል። ወደ ጊዛ ደርሶ መልሱ ብቻውን ስድስት ሰዓት ይበላል። ለፒራሚዶቹ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይተርፋል፤ አንድ የመንገድ መጨናነቅ ግማሹን ይወስደዋል። እዚህ የመርከቡን ጉብኝት ከመግዛት ጋር ክርክር አያስፈልግም።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በአንድ ምክንያት ነው። መርከቡ ራሱ የሸጠው ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ካልቻለም ተሳፋሪዎቹን በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሳል። በራሱ የሄደውን ሰው አይጠብቅም። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ታክሲው ሁሉ ከኪስ ነው። አንዳንድ የግል አስጎብኚዎች «ቢያመልጥዎ እኛ እናደርሳለን» የሚል ዋስትና ይሰጣሉ። ዋስትናው በጽሑፍ መኖሩን፣ አውሮፕላንንም ሆቴልንም መሸፈኑን አይተው ይግዙ።

ሰዓትን በተመለከተ ሌሎች ሁለት ወጥመዶች አሉ። መርከቡ የሚጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 17:30 ማለት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። አብሮ ተጓዥ ጋር በአማርኛ «5 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኝ» ከተባለ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይነጋገሩ አይለያዩ። ሁለተኛው ስልክ ነው። ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሰዓቷን በክረምትና በበጋ አትቀያይርም፤ ግሪክ ትቀያይራለች። በአውሮፓ የበጋ ሰዓት ሁለቱ እኩል ናቸው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ ግን ቱርክ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልኩ በራሱ ወደ አካባቢው ሰዓት ሲዞር መርከቡ የራሱን ሰዓት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ርካሽ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሞልቶ ማሰር ይበጃል።

ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት የያዘ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ ኩሻዳሲ ደርሶ ወደ ሮድስ የሚመለስ መርከብ ከሼንገን ክልል (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥቶ እንደገና ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ እዚያው ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። በየወደቡ ለመውረድ ምን እንደሚያስፈልግ ከመርከቡ ኩባንያ በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። ቪዛ የጎደለው ሰው አንድ ወደብ ላይ ብቻ ሳይሆን ገና ሲጀመር መርከቡ ላይ እንዳይሳፈር ሊከለከል ይችላል።

ከወደብ ወደብ

ፒሬየስ (አቴንስ)። በራስ ለመሄድ ከሚቀሉት ወደቦች አንዱ ነው። አረንጓዴው የሜትሮ መስመር (1) ሞናስቲራኪ ያደርሳል፤ ሰማያዊው (3) እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ፒሬየስ ስለተዘረጋ በሲንታግማ በኩል ያልፋል። ለ90 ደቂቃ የሚያገለግለው ትኬት 1.20 ዩሮ ነው። አስቸጋሪው ባቡሩ ሳይሆን ከመርከቡ ተርሚናል እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ ነው፤ እንደቆሙበት ተርሚናል በእግር ከ20 እስከ 35 ደቂቃ ይወስዳል። በታክሲ ከሄዱ ሜትሩ ላይ ታሪፍ 1 መነበቡን ይዩ፤ ታሪፍ 2 የሌሊት ነው።

አክሮፖሊስ ግን ወደቡ ላይ ተደርሶ የሚገዛ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መስከረም ጀምሮ የቀኑ ጎብኚ በ20,000 ተወስኗል፤ ትኬቱም ሰዓት የተቆረጠለት ነው። ዋጋው ከ2025 ሚያዝያ ጀምሮ 30 ዩሮ ሆኗል። ከመንግሥቱ የትኬት ድረ ገጽ አስቀድመው ይግዙ፤ መርከቡ ከሚደርስበት ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚዘገየውን ይምረጡ። በሙቀት ማዕበል ቀናት ቦታው እኩለ ቀን ላይ ለተወሰኑ ሰዓታት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ በሐምሌና በነሐሴ የጠዋቱ ትኬት ይመረጣል። ላዩ ላይ ያለው እብነ በረድ በሺህ ዓመት እግር ተፍቆ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ጫማዎ የጎማ ሶል ይኑረው።

ሳንቶሪኒ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ወደብ ይህ ነው። መርከቦች በእሳተ ገሞራው ገደል ሥር መልህቅ ይጥላሉ፤ ጀልባው ገደሉ ግርጌ ያለው አሮጌው ወደብ ላይ ያወርዳል። ከዚያ ፊራ ከተማ የሚወጣው በገመድ መኪና፣ በበቅሎና በአህያ ወይም ወደ 590 በሚጠጉ ደረጃዎች በእግር ነው። በበቅሎ መውጣትን አንመክርም፤ ለእንስሳቱም ለጎብኚውም ጉልበት አይበጅም። ብዙ መርከብ በቆመበት ቀን ለመውረድ የገመድ መኪናው ሰልፍ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በደረጃው መውረድ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ድንጋዩ ግን የተፈተገና የእንስሳት እበት ያለበት ስለሆነ ጉልበት የሚያመው ሰው አይሞክረው።

የመርከቡ ጉብኝት እዚህ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው። ቡድኑን ቀድሞ በጀልባ ወደ አቲኒዮስ ወደብ ወስዶ አውቶቡስ ላይ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ የጠዋቱ የገመድ መኪና ሰልፍ ይቀራል። ማታ ግን ብዙ ጊዜ ቡድኑ ፊራ ላይ ይበተንና መውረዱ የእያንዳንዱ ጉዳይ ይሆናል፤ የገመድ መኪናው ትኬት መካተቱን ይጠይቁ። በራሳቸው የሚወጡ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች በአንዱ ይውረዱ፣ ፊራ እንደደረሱ አይዘግዩ፣ በቀጥታ በአውቶቡስ ኦያ ይሂዱ፤ ፊራን ለመመለሻው ያቆዩት። ለአውቶቡሱ ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

ሮድስ፣ ሄራክሊዮን፣ ሚኮኖስ። ሮድስ ላይ ለከተማዋ የመርከብ ጉብኝት መግዛት ገንዘብ መወርወር ነው። ሊንዶስ ግን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአውቶቡስ ወይም ከሌሎች ጋር በታክሲ ይሄዱበታል። ሄራክሊዮን ላይ ጥንታዊው የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ክኖሶስ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የከተማው 2 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳል። ሚኮኖስ ላይ ከአዲሱ ወደብ ወደ ከተማው የሚያመላልስ የባሕር አውቶቡስ አለ። ዴሎስ ደሴት መሄድ ከፈለጉ ጀልባው የሚነሳው ከአሮጌው ወደብ ስለሆነ ሁለቱን ወደቦች አያምታቱ።

ካታኮሎን። የኦሎምፒያ በር ነው፤ ጥንታዊው ቦታ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወደቡ ትንሽ ነው፤ ጠዋት መርከቡ እንደቆመ ከፊት ለፊት የሚገኙት የአውቶቡስ ሻጮች የመርከቡን ዋጋ ግማሽም የማይሞላ ይጠይቃሉ። እነዚህ ሹፌሮች ራሳቸው ከመርከቡ ሰዓት ጋር አብረው የሚኖሩ ስለሆኑ አደጋው አነስተኛ ነው። አስጎብኚ ግን አይኖርም፤ ኦሎምፒያ ደግሞ ያለ ማብራሪያ የወደቁ ዓምዶች ሜዳ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ኩሻዳሲ። ኤፌሶን የላይኛውና የታችኛው በር አለው፤ መንገዱ ከላይ ወደ ታች ቁልቁል ይወርዳል። የመርከቡ አውቶቡስ ከላይ አውርዶ ታች ይጠብቃል። ታክሲ ሲኮናተሩ ይህንኑ ይስማሙ፤ «ላይ አውርደን፣ ታች ጠብቀን፣ ይህን ያህል ሰዓት፣ ይህን ያህል ዋጋ»። ዋጋው ለመኪናው እንጂ ለሰው አለመሆኑንና የትኛው ገንዘብ እንደሆነ ከመግባትዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ክፍያው ሲመለሱ ነው። ወደ ሴልቹክ የሚሄደው ዶልሙሽ የሚባለው ሚኒባስ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ታችኛው በር በሚያስገባው መገንጠያ ላይ ስለሚጥል ዳገቱን መውጣት ወይም ሌላ ታክሲ መያዝ ይመጣል። የሀብታሞቹ የመኖሪያ ቤቶች ወለልና ግድግዳ ሥዕል ያለበት የተሸፈነው ክፍል የራሱ መግቢያ ክፍያ አለው፤ «መግቢያ ተካቷል» የሚል ጉብኝት ይህን የሚጨምር አይምሰልዎ። የድንግል ማርያም ቤት የሚባለው ቦታም ከፍርስራሹ ውጪ፣ ተራራው ላይ፣ በተለየ ትኬት ነው። ሕዝብ ትራንስፖርት ስለሌለው ታክሲ ወይም ጉብኝት ያስፈልጋል።

ኢስታንቡል። መርከቦች የሚቆሙት መሐል ከተማ ነው፤ ቲ1 ትራም ከቶፕሃኔ ሱልጣን አህመት ያደርሳል። እዚህ የሚያበላሸው ርቀት ሳይሆን የሳምንቱ ቀን ነው። ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ታላቁ የገበያ ማዕከል እሑድ ዝግ ነው፤ አያ ሶፊያና ሰማያዊው መስጊድ ዓርብ በቀትር ሶላት ጊዜ ጎብኚ አያስገቡም። ሴቶች የራስ መሸፈኛ ይያዙ፤ ወንዶችም ጉልበት የሚሸፍን ሱሪ። የአያ ሶፊያ ለጎብኚ የተለየው የላይኛው ፎቅ መግቢያ ከ2024 ጀምሮ 25 ዩሮ ሆኗል።

የግሪክ ጥንታዊ ቦታዎች ደግሞ በሜይ 1 እና በኦርቶዶክስ ፋሲካ እሑድ ይዘጋሉ። መርከቡ በእነዚህ ቀናት ከደረሰ ለቦታው የሚሸጠው ጉብኝት ምን እንደሚያሳይ ይጠይቁ።

የጉብኝቱን መግለጫ ማንበብ

የመርከቡ ካታሎግ የራሱ ቋንቋ አለው። «ፓኖራሚክ» ከተባለ ከአውቶቡስ መስኮት ማየት ነው። «ፎቶ ማንሻ ማቆሚያ» ከተባለ ወርዶ አሥራ አምስት ደቂቃ ከውጭ መቆም ነው። የሚገባበት ቦታ «ጉብኝት» ወይም «መግቢያን ጨምሮ» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል። የአቴንስ ጉብኝት ሆኖ አክሮፖሊስን ከታች ብቻ የሚያሳይ መኖሩ ብዙ ሰው ያናድዳል፤ ግን መግለጫው ላይ ተጽፎ ነበር።

የሰዓቱን ድልድልም ይመርምሩ። «አምስት ሰዓት» የሚል የኤፌሶን ጉብኝት ውስጥ ሁለት ሰዓት ብቻ ኤፌሶን ሊሆን ይችላል፤ ቀሪው መንገድ፣ መሰብሰቢያና የምንጣፍ ወይም የቆዳ ሱቅ ነው። ሱቁ ውስጥ ሻይ ይቀርባል፣ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ አርባ አምስት ደቂቃ ያልፋል። መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ሰዓቱ ግን የእርስዎ ነበር። የሱቅ ማቆሚያ የሌለው ጉብኝት ጥቂት ቢወደድም የሚሻል ነው።

የመርከቡን ዋጋ ከግል አስጎብኚ ጋር ሲያነጻጽሩ የአንድ ሰውን ዋጋ ብቻ አይዩ። አራት ሰው ሆነው የመርከቡ ጉብኝት በሰው 90 ዩሮ ቢሆን 360 ይሆናል፤ በዚያ ዋጋ የግል መኪና ከነሹፌሩ የሚገኝበት ወደብ አለ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ግን ስሌቱ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል።

የሚያዝበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ተፈላጊዎቹ አስቀድመው ስለሚያልቁ የመርከቡን ጉብኝት ከቤት ሆነው ይያዙ፤ ከያዙም በኋላ ዋጋውን ይከታተሉ። ቅናሽ ሲወጣ የድሮውን ሰርዞ እንደገና መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። የስረዛው የመጨረሻ ቀን ግን በየኩባንያው ስለሚለያይ ደረሰኙ ላይ ይፈልጉት።

በሐምሌና በነሐሴ ኤጌያን ባሕር ላይ «ሜልተሚ» የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ጠንከር ባለ ቀን ጀልባ የሚያስፈልጋቸው ወደቦች ይሰረዛሉ፤ ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ቀዳሚዎቹ ናቸው። መርከቡ የሸጠው ጉብኝት ገንዘቡ ይመለሳል። በግል የተገዛው የሚመለሰው ውሉ «መርከቡ ካልቆመ ሙሉ ተመላሽ» ሲል ብቻ ነው። ለእነዚህ ሁለት ደሴቶች ይህ ሐረግ የሌለበትን ነገር አስቀድመው አይክፈሉ።

ገንዘቡ

መልካሙ ዜና አብዛኛው ጉዞ በአንድ ገንዘብ መሸፈኑ ነው። ግሪክና ቆጵሮስ ዩሮ ናቸው። ክሮኤሺያ ከ2023 ጥር 1 ጀምሮ ዩሮ ገብታለች፤ ስለ ቀድሞ ገንዘቧ ኩና የሚያወራ መመሪያ ካገኙ ያረጀ ነው። ሞንቴኔግሮ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳትሆን በዩሮ ትገበያያለች። የተለየ ገንዘብ የሚያስፈልገው ቱርክ (ሊራ)፣ ግብፅ (የግብፅ ፓውንድ)፣ እስራኤል (ሼቀል) እና አልባኒያ (ሌክ) ላይ ነው።

የመርከቡ ውስጥ ገንዘብ የተለየ ጉዳይ ነው። ሮያል ካሪቢያን፣ ሰለብሪቲና ኖርዊጂያን በዶላር ይሠራሉ፤ ኤምኤስሲና ኮስታ ሜዲትራንያን ላይ በዩሮ። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ነገር የለም፤ ሁሉም በካቢን ካርድ ተመዝግቦ መጨረሻ ላይ ከባንክ ካርድዎ ይቆረጣል። በዕለቱ የሚጨመረው የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለትም ቲፕ፣ በሰው በቀን ስለሆነ ለሁለት ሰው ለሳምንት ሲደመር ቀላል አይደለም፤ በጀት ውስጥ ያስገቡት። ግሪክም ከ2025 ሐምሌ ጀምሮ ከመርከብ በሚወርድ ሰው ላይ ክፍያ ጥላለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ 20 ዩሮ፣ ሌሎቹ ወደቦች 5 ዩሮ ናቸው፤ በሌሎቹ ወራት ይቀንሳል። የሚሰበስበው መርከቡ ስለሆነ ወደብ ላይ «ክፈሉ» የሚል ሰው ካጋጠመዎ አይክፈሉ።

እዚህ ላይ የዴቢት ካርድ ተጠቃሚዎች ይጠንቀቁ። መርከቡ ለዋስትና ብሎ ካርዱ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ያስይዛል። ክሬዲት ካርድ ከሆነ የመበደሪያ ጣሪያዎ ብቻ ይቀንሳል። ዴቢት ከሆነ ግን የራስዎ ገንዘብ ይታገዳል፤ ከወረዱ በኋላ እንኳ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ታክሲ ለመክፈል ያሰቡት ገንዘብ ታግዶ የሚያገኙት እንዲህ ነው። ክሬዲት ካርድ ከሌለዎት ለመርከቡ የጥሬ ገንዘብ ማስያዣ መስጠት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ወይም ለመርከቡ አንድ ካርድ፣ ለየብስ ሌላ ካርድ ይመድቡ።

ለሰባት ቀን ጉዞ ለአንድ ሰው ከ100 እስከ 150 ዩሮ በጥሬ ይበቃል ብለን እንገምታለን፤ ሌላው በካርድ ይሄዳል። ዋናው ነገር የኖቶቹ መጠን ነው። ባለ 5፣ ባለ 10ና ባለ 20 ይያዙ፤ ባለ 100 ኖት ትንሽ ሱቅና አውቶቡስ ውስጥ አይቀበሉትም። ለመጸዳጃ ቤትና ለትንንሽ ነገር አንድና ሁለት ዩሮ ሳንቲሞች ይጠራቀሙ። ዶላር ከያዙ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበትና አዲስ እትም ይሁን፤ ግብፅና ቱርክ ላይ አሮጌውን ገልብጠው አይተው ይመልሱታል።

ሊራን ከአገርዎ ገዝተው አይሂዱ። ዋጋው በፍጥነት የሚወርድ ገንዘብ ነው፤ የተረፈውንም መልሶ የሚገዛዎ የለም። ኩሻዳሲ ሱቆች ዩሮና ዶላር ይቀበላሉ፤ ነገር ግን በሻጩ ምንዛሪ ነው፣ መልሱም በሊራ ነው። ለምሳሌ ዩሮ 50 ሊራ በሆነበት ቀን ሻጩ በ45 ቢያስብ አሥራ አንድ በመቶ ገደማ ተጨማሪ ከፈሉ ማለት ነው። ለአንድ ሻይ አያስጨንቅም፤ ለምንጣፍ ያስጨንቃል። በጥሬ መመንዘር ካስፈለገ ከወደቡ ውጪ «ዶቪዝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ይግቡ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ «አሊሽ» የእርስዎን ዩሮ የሚገዙበት ነው፣ «ሳቲሽ» የሚሸጡበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ሌላ ቤት ይሂዱ። ለዶልሙሽ፣ ለምሳና ለቲፕ ከ20 እስከ 30 ዩሮ መመንዘር ይበቃል። ትላልቅ የቱርክ ቦታዎች መግቢያ ለውጭ ዜጋ በዩሮ ተተምኖ በዕለቱ ምንዛሪ በሊራ ይከፈላል፤ እሱን በካርድ ይክፈሉ።

ግብፅ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ትላልቆቹ የመንግሥት ቦታዎች መግቢያ በካርድ ብቻ የሚሸጡ አሉ፤ ስለዚህ በመርከቡ ጉብኝት ካልሄዱ ካርድ የግድ ነው። የግብፅ ፓውንድ የሚያስፈልገው ለመጸዳጃ ቤትና ለቲፕ ነው፤ በባንክ ትንሽ መንዝረው ባለ 10ና ባለ 20 ኖት ይጠይቁ። መንገድ ላይ «የተሻለ ምንዛሪ» የሚል ሰው ሕገ ወጥ ነው፤ ገበያውም የነበረውን ጥቅም አጥቷል።

ካርድ ሲጠቀሙ የሚያስወጣው ትልቁ ኪሳራ አንድ ጥያቄ ነው። ማሽኑ «በሊራ ወይስ በራስዎ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ይምረጡ። የራስዎን ሲመርጡ ልወጣውን የሚሠራው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ከባንክዎ ምንዛሪ ጥቂት በመቶ፣ አንዳንዴም ከአሥር በላይ ይወደዳል። አንዳንድ አስተናጋጆች ለእርስዎ አስበው መስሏቸው ራሳቸው ይጫኑታል፤ ደረሰኙ ላይ ሊራ ካልተጻፈ ክፍያው እንዲሰረዝና እንደገና እንዲሠራ ይጠይቁ። ኤቲኤምም እንዲሁ «በዚህ ምንዛሪ ይቀጥሉ?» ይላል። «አይ» ማለት ክፍያውን አያቆምም፤ ያለ ልወጣ ይቀጥላል። ማሽን ሲመርጡ ባንክ ግድግዳ ላይ ያለውን ይፈልጉ፤ በጎብኚ መንገድ ላይ ብቻቸውን የቆሙት ከፍተኛ ክፍያ ይወስዳሉ። መርከቡ ውስጥ ያለው ኤቲኤም የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ሁለት ካርድ ይዘው አንዱን ካቢን ውስጥ ባለው ካዝና ይተዉት። ፓስፖርቱን መርከቡ ከያዘው ፎቶ ኮፒውን ይዘው ይውረዱ፤ ከእሱ ጋር የዕለቱን ፕሮግራም ይጨምሩ፣ የወደቡ ወኪል (የመርከቡ ኩባንያ በወደቡ ያለው ተጠሪ) ስልክ ቁጥር እዚያ ላይ ነውና። መርከቡ ቢያመልጥዎ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሱ ነው፤ ፓስፖርት መርከቡ ላይ የቀረ እንደሆነ የመርከቡ ሠራተኞች ከካቢን ካዝናው አውጥተው ወኪሉ ጋ የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ።

ከመውረድዎ በፊት ባለው ምሽት የካቢን ሒሳቡን በዝርዝር ይመልከቱ፤ በተለይ የተሰረዘ ወደብ ጉብኝት ተመላሽ መግባቱን፣ የተሰረዘው ወደብ የግሪክ ክፍያም መነሳቱን። ስህተቱን የእንግዳ አገልግሎት ጠረጴዛ ላይ ማረም በዚያ ሌሊት አምስት ደቂቃ ነው፤ ከቤት በኢሜይል ሳምንታት። የተረፈ ሊራና የግብፅ ፓውንድ ካለ የመጨረሻው ቱርክ ወይም ግብፅ ወደብ ላይ ውኃና ፍራፍሬ ይግዙበት፤ ሳንቲሙን የሚመነዝር ቤት የለም።